የባልዲው እንግዳ

አብዱልዋሂድ፦ እባብ ነው።

አምላኩ፦ ዓሣ ነው አልኩህ እኮ።

አብዱልዋሂድ፦ ዓሣ ክንፍ አለው፣ ቅርፊት አለው። ይሄ ቀበቶ ነው የሚመስለው።

(ሞጣ፣ የአብዱልዋሂድ የጨርቅ ሱቅ ጓዳ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው፤ የጓሮው በር ክፍት ነው። ሚስቱ ዓሊማ ማድ ቤት ናት። ጡረታ የወጡት የባዮሎጂ መምህር አምላኩ ከቢቸና ተሸክመው ያመጡት ባልዲ በመካከላቸው ተቀምጧል።)

አምላኩ፦ የረግረግ ዓሣ ነው። የጁቤ ከተማ ያለ የድሮ ተማሪዬ ነው ይዞ የሰጠኝ። መጽሐፍ ላይ ሳየው የሩቅ አገር ዓሣ ነበር፤ እዚህ እንዴት እንደደረሰ እንጃ። ክንፉ በዘመን ብዛት ጠፍቶ ነው።

አብዱልዋሂድ፦ አላስፈለገውም?

አምላኩ፦ ጭቃ ለጭቃ ለሚሹለከለክ ክንፍ ምን ያደርግለታል? ፍጥረት ያላስፈለገውን እየጣለ ነው የሚኖር። እኔም ፀጉሬን ጥያለሁ።

አብዱልዋሂድ፦ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ባልዲውን ልክደነው?

አምላኩ፦ ተው፣ ታፍነዋለህ። ብቅ እያለ አየር የሚምግ ነው።

አብዱልዋሂድ፦ ለመሆኑ ምን አደከመዎት? ዓሊማ ሽሮ እየሠራች ነው።

አምላኩ፦ እሱ እኮ ነው ነገሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእኔ ፋሲካ አንተ ለብቻህ፣ በአንተ ዒድ እኔ ለብቻዬ። አንድ ሳህን ላይ የተገናኘነው በሽሮ ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ልጄ ባሕር ዳር ልትወስደኝ ነው። ዓሣ ደግሞ ማን ባረከው፣ ማን አረደው አይባልም። አንድ ቀን ካንተ ጋር ሥጋ ልብላ።

አብዱልዋሂድ፦ ዓሣ መሆኑን ያሳምኑኝ፤ እበላለሁ።

አምላኩ፦ መልካም። ይኸውልህ፣ አብዛኛው ሲፈለፈል ሴት ነው፤ ዕድሜው ሲገፋ ወንድ ይሆናል።

አብዱልዋሂድ፦ ልጆቹ እማዬ ነው አባዬ የሚሉት?

አምላኩ፦ ጥያቄህ ከዓሣው ይብስ ያዳልጣል። ጥያቄ በመጨረሻ።

(መምህሩ ክፍል ውስጥ እንደለመዱት ዓይናቸውን ጨፍነው ማስረዳት ቀጠሉ። በበጋ ጭቃ ሰርስሮ እንደሚተኛ፣ ውሃው ቢደርቅም በቀላሉ እንደማይሞት፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ እርጥብ መሬት ላይ እየተሳበ ሌላ ውሃ እንደሚፈልግ አንድ በአንድ ተናገሩ። አብዱልዋሂድ መካከል ላይ እንደ ተማሪ እጁን አወጣ። ቆየና ሁለቱንም እጆቹን አወጣ። «በመጨረሻ ብዬሃለሁ» አሉት፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰምተው።)

አምላኩ፦ (ዓይናቸውን ገልጠው) እና፣ አሳመንኩህ?

አብዱልዋሂድ፦ በደንብ። ዓሣ ነው።

አምላኩ፦ በል ቢላዋ አምጣ። (ወደ ባልዲው ያጎነብሳሉ። ውሃ ብቻ ነው።) የት አለ?

አብዱልዋሂድ፦ እርጥብ መሬት ላይ ይሳባል ሲሉ ተሳበ። በጓሮ በኩል ቦዩ ውስጥ ገባ።

አምላኩ፦ አንተ እያየህ?

አብዱልዋሂድ፦ በእግሬ ላይ ነው ያለፈው።

አምላኩ፦ ታዲያ ሰው አይጮህም?

አብዱልዋሂድ፦ መምህር፣ እባብ ነው እንዳልኩ ብቀር ኖሮ ሞጣ እስኪሰማ እጮህ ነበር። እርስዎ ዓሣ ነው ብለው አሳመኑኝ። ዓሣ አየሁ ብሎ የሚጮህ ሰው አለ?

(ዓሊማ የሽሮውን ድስት ይዛ ገብታ አንድ ሳህን በመካከላቸው ታኖራለች። መምህሩ የጓሮውን በር ለረጅም ጊዜ ያያሉ።)

አምላኩ፦ (ወደ ሳህኑ እየተጠጉ) ዓሊማ፣ ድስቱን ክደኚው።