ወገቤ ላይ የታሰረው ቆሽት

ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። የኔ ግን ማንም ሳያናድደኝ ነው ያረረው። ሐኪሙ «ቆሽትሽ ኢንሱሊን ማመንጨት አቁሟል» ሲለኝ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ይኸው ዛሬ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ዘጠነኛ ክፍል አስተምራለሁ። በመሃል ያለውን ዘመን በቀን አራት መርፌ አባዙትና ሆዴን አስቡት። ወንፊት በሉት።

አምና ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ፓምፕ ላከልኝ። የውኃ ፓምፕ እንዳይመስላችሁ። የድሮ የእጅ ስልክ የሚያህል መሣሪያ ነው። ወገብ ላይ ታስሮ፣ በቀጭን ቱቦ ኢንሱሊኑን ቀኑን ሙሉ ቀስ እያለ ያንጠባጥባል። ክንዴ ላይ የተለጠፈች ሌላ ደግሞ አለች፤ እሷ ስኳሬን ትለካለች። ስኳሬ ሲወርድ ፓምፑ ይጮኻል። አዲስ አበባ ሄጄ ሦስት ቀን ተማርኩት። ሐኪሟ «ምግብ ከዘለልሽ መጠኑን መቀነስ እንዳትረሺ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

አንድ ቀን ለቅሶ ልደርስ አምበር ስሄድ፣ መንገድ ላይ የምትፈትሽ ሴት ወገቤን ዳብሳ ምንድን ነው አለችኝ። ቆሽቴ ነው አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። «እኅቴ፣ የሁላችንም እኮ ሆድ ውስጥ ነው» አለች። ቱቦውን አሳይቼ ባስረዳት ባስረዳት፣ በመጨረሻ «ይሁን እለፊ፤ ግን ወደ ቦታው መልሺው» ብላ አሳለፈችኝ።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። የንስሐ አባቴ አባ ይኄይስ ከልጅነቴ ጀምሮ «ሕመምተኛ በጾም አይገደድም፤ በልተሽ ዋይ» ብለውኛል። እበላለሁ። ግን ጎረቤቱ ሁሉ ሲጾም በር ዘግቶ መብላት እንዴት እንደሚያሳፍር የበላ ያውቀዋል። ፓምፑ ሲመጣ ታዲያ ልቤ አበጠ። ዳንኩ አልኩ። አንድ እሑድ ማንንም ሳላማክር፣ ምንም ሳልቀምስ ቅዳሴ ቆምኩ። መጠኑን መቀነስ? ጭራሽ ረስቼዋለሁ።

ቅዳሴው አልቆ አባ ግቢው ውስጥ መስበክ እንደጀመሩ ወገቤ ጮኸ። አባ ቆም አሉና ስልክ የያዘ ያጥፋ አሉ። ሰው ሁሉ ዞረ። በነጠላዬ አፈንኩት። ባሰበት።

«ልጄ፣ አጥፊው እንጂ» አሉ እያዩኝ።

«አባቴ፣ እሱ ከጠፋ እኔም እጠፋለሁ።»

ቅኔ መዝረፌ አልነበረም፤ እውነቴን ነው። ወዲያው ላብ አጠመቀኝ፤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሴቶቹ ጠበል አምጡ ሲባባሉ አባ ስብከቱን ትተው መጡ። ከካባቸው ስር ከረሜላ አወጡ። አንድ አይደለም፤ እፍኝ ሙሉ። ልጠው አጎረሱኝ። «ምጠጪው፤ አሁን ይተውሻል» አሉ።

ነፍስ ስዘራ፣ ሰዉም ሲበተን ነገሩ ከነከነኝ። ቄስ እፍኝ ከረሜላ ይዞ ምን ይሠራል? ለልጆች ነው እንዳልል፣ ልጆች አባን ሲያዩ ነው የሚሸሹት። ጠየቅኋቸው። ዙሪያቸውን ቃኝተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እኔም መርፌ ላይ ነኝ። ስድስት ዓመቴ።»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ምእመኑ ‹ለራሳቸው መች ሠራላቸው› ብሎ ጸሎቴን እንዳይንቀው ብዬ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያሉ የሚሰብኩት እሳቸው ናቸው እኮ። በጾም ይበላሉ ወይ አልኳቸው። መስቀላቸውን ማገላበጥ ያዙ። ለኔ የፈቀዱትን ለራሳቸው አልፈቀዱም። እኔ አንድ ቀን ሞክሬ የወደቅኩበትን፣ እሳቸው ስድስት ዓመት ብቻቸውን፣ በከረሜላ እየተደገፉ ቆመውበታል። አንጀቴን በሉት።

«አባቴ፣ ሳላማክርዎት አጥፍቻለሁ። ቀኖና ይስጡኝ» አልኩ።

«ሁለተኛ እንዳትደግሚው። ቁርስሽን ብይ።»

«እርስዎም አጥፍተዋል። ለእርስዎስ ማን ይስጥ?»

«አንቺ ስጪኝ» አሉ።

ሰጠኋቸው። አሁን በየማለዳው ይደውላሉ። «ልጄ፣ በልቻለሁ፤ ፍቺኝ» ይላሉ።

«እግዚአብሔር ይፍታዎት» እላቸዋለሁ።