የእትዬ ዘርፌ የሚስጥር ቁጥር

ሰው ሁሉ «ሚስጥር መጠበቅ ከባድ ነው» ይላል። እኔን ብትጠይቁኝ መጠበቁስ ይጠበቃል፤ ጭንቁ ማስታወሱ ነው። አይደለም እንዴ? እስቲ ስሙኝ።

እትዬ ዘርፌ እዚህ ሰቆጣ ማር የሚነግዱ ጎረቤቴ ናቸው። ከሰባተኛ ክፍል ባቋርጥም ፊደሉ አልጠፋኝም፤ ልጄን ሙሉን አዝዬ እየሄድኩ የስልካቸውን መልእክት አነብላቸዋለሁ። ደንበኞቻቸው ብሩን በስልክ ይልካሉ፤ እሳቸው ከወኪሉ ሱቅ ያወጡና ለማር አምጪው ይሰጣሉ።

በስልክ ብር ስለ መላክና መቀበል ያሠለጠኑን ዕለት፣ አሠልጣኙ ጉሮሮው እስኪደርቅ አንድ ነገር ደጋገመ። የሚስጥር ቁጥራችሁን ለማንም እንዳትነግሩ፤ ለባልም፣ ለልጅም፣ «ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምደውለው» ለሚልም። ወረቀት ላይም እንዳትጽፉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! እትዬ ዘርፌ ከሁላችንም በላይ ራሳቸውን ነቀነቁ። እውነትም ባላቸው ቢጠይቋቸው «ምን አግብቶህ!» ብለው ኩም አደረጓቸው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አያ ሲሳይ ከፃግብጂ ሁለት ባልዲ ነጭ ማር በአህያ ጭነው መጡ። አያ ሲሳይ ከአህያቸው ጋር በኻምጣንጋ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ። ከአህያዋ ጋር የበለጠ የሚግባቡ ይመስለኛል። የማሩን ሽታ ልንገራችሁ? ተዉት፣ ምራቄን ልዋጥ። የአዲስ አበባው ደንበኛ ብሩን ልኳል፤ «በነገው አውቶቡስ ካልተጫነ ከሌላ እገዛለሁ» ብሏል። ሌላዋ ማር ነጋዴ ደግሞ ብሯን በመቀነቷ ቋጥራ በበራችን ሁለቴ አልፋለች። ማሩን ስታይ እንጂ እኛን ሰላም ስትል አላየኋትም።

ወኪሉ ዘንድ ሄድን። እትዬ ዘርፌ ቁጥሩን ነኩ፤ ስሕተት። ደገሙ፤ ስሕተት።

«እትዬ፣ የቀረዎት አንድ ዕድል ነው» አላቸው ወኪሉ። «ከዚያ ይቆለፋል። የሚከፍትልዎት ቢሮ ደግሞ እስከ ሰኞ ዝግ ነው።»

ጠወለጉ። ወዲያው ግን ፊታቸው በራ። «ግድ የለም! አባ ያውቁታል!»

አባ ማለት የንስሐ አባታቸው ናቸው። ለካ ኑዛዜ ሲገቡ ቁጥሩንም ከኃጢአታቸው ጋር አብረው ተናዝዘውታል! ከንስሐ አባት የሚደበቅ ምን አለ? «አሠልጣኙስ መቼ ለንስሐ አባት አትንገሩ አለ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አላለም።

ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሮጥን ሄድን፤ አያ ሲሳይም አህያቸውን ከነማሩ እየነዱ ተከተሉን። አባ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። እትዬ ዘርፌ መስቀል ተሳልመው ነገሩን አስረዱ። አባ ዳዊቱን አጠፍ አደረጉ።

«በንስሐ የሰማሁትን አላወጣም።»

«ለእኔው እኮ ነው አባቴ! የራሴ ነው!»

«ለባለቤቱም ቢሆን።»

«የመጀመሪያዋን ብቻ ይንገሩኝ፤ ሌላውን እኔ...»

«ልጄ፣ ያኔ ፈትቼሻለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ያለውን ይረሳል። እኔ ከእሱ በልጬ ላስታውስ?»

እኔ ሳቄ ሲመጣብኝ ሙሉን እሹሩሩ የምል መስዬ ዞርኩ። እትዬ ዘርፌ ግን እንባቸው ቀረረ። ዓመት የጠበቁት ማር እኮ ነው።

አያ ሲሳይ አህያቸውን ተደግፈው ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሳቁና፣ «ይቺ ሴት ብሯን ከሌባ ብቻ ሳይሆን ከራሷም ደብቃለች። እሷን ያላመንኩ ማንን ላምን ነው? አባ ዋስ ይሁኑኝ እንጂ ማሩ እዚሁ ይቅር፤ ብሩን ሰኞ መጥቼ እወስዳለሁ» አሉ።

«ዋስስ እሆናለሁ» አሉ አባ። «እሱ ሚስጥር አይደለም።»

ማሩ እሑድ ጠዋት ተጫነ። ያቺ ባለመቀነቷ ኩርፊያዋ እስካሁን አልለቀቃትም።

ሰኞ ቢሮ ሄደን የሆነውን ሁሉ ተናገርንና አዲስ ቁጥር ወጣ። ሠራተኛው ቁጥሩን እንዳያይ ፊቱን አዙሮ፣ «ለማንም እንዳይነግሩ፤ ለንስሐ አባትዎም ጭምር!» አላቸው። በታቦት ማሉለት። ከበሩ ወጥተን አሥር እርምጃ ሳንሄድ ጆሮዬን ያዝ አድርገው ቁጥሩን ሹክ አሉኝ።

«እትዬ! ለማንም ተብለዋል እኮ!»

«አንቺ ደግሞ መቼ ታወሪያለሽ? አባን በልጠሽ አገኘሁሽ፤ አንቺ አትረሺም።»

ምን ላድርግ? ይኸው ለባሌ እንኳ ትንፍሽ ሳልል ጠብቄላቸዋለሁ። ብቻ ማር በመጣ ቁጥር ከወኪሉ ሱቅ ደጃፍ ላይ ሆነው፣ ገበያውን አሻግረው ይጣሩኛል፦

«አንቺ የሙሉ እናት! ከሰባት ቀጥሎ ስንት ነበር?»