የሰብሳቢው መውደቅና የራስ ደጀን ጉዞ

የመሪ ሰፈር ነዋሪዎች የተራራ ጉዞ ክበብ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ መሪ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ የሰብሳቢው ቤት

የተገኙ፦
አቶ ጎበና ቶሌሳ (ጡረተኛ)፣ ሰብሳቢ
ሲፋን (ነርስ)፣ አባል
ሬድዋን (በጉርድ ሾላ የቀለምና የሚስማር ነጋዴ)፣ አባል
ይድነቃቸው (የባንክ ሠራተኛ)፣ አባል
ሰላማዊት፣ ጸሐፊ

ሊፍት ስለሌለ ምልዓተ ጉባኤው የተሟላው ሬድዋን ደረጃውን ጨርሶ መናገር ከቻለ በኋላ ነው።

አጀንዳ 1፦ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ስለደረሰው

ሲፋን አቶ ጎበና ለራስ ደጀን ጉዞ በተደረገው ልምምድ ላይ ዳገቱ መሐል ራሳቸውን ስተው መውደቃቸውን፣ ቀድሞም ራሳቸውን እያመማቸው ለማንም አለመናገራቸውን አስረድታለች። ሰብሳቢው «መውደቅ» የሚለው ቃል እንዲታረም ጠይቀው፣ ጋደም ማለታቸውን አስረድተዋል። ሬድዋን ተሸክሞ ያወረዳቸው እሱ መሆኑን አስታውሶ፣ ጋደም ያለ ሰው እንደዚያ እንደማይከብድ ገልጿል። ከረጅም ውይይት በኋላ ድርጊቱ «ያልታቀደ ዕረፍት» ተብሎ እንዲመዘገብ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ደኅንነት

ሲፋን ከፍታ ላይ ቀስ እያሉ መውጣት፣ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ሲጀምር ወዲያው መናገር፣ ካልተሻለም መውረድ እንደሚገባ አሳስባለች። ይድነቃቸው ሊደር ከወረደ የቲሙ ሞራል እንደሚወርድ ተናግሮ፣ ዩቲዩብ ላይ ያያቸው ሰዎች ሁሉ ወደ ላይ ብቻ እንደሚሄዱ በማስረጃነት አቅርቧል። ሲፋን ታዲያ ቪዲዮውን ከላይ ሆነው ነው ወይ የጫኑት ብላ ጠይቃለች።

ሬድዋን ከጎረቤቱ በያጅ የኦክስጅን ሲሊንደር ለመዋስ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ማን ይሸከመዋል የሚል ጥያቄ ሲነሣ ሁሉም ወደ እሱ ስላዩ ሐሳቡን ራሱ ሰርዟል።

ሰብሳቢው በበኩላቸው ማንኛውም አባል ከመታመሙ በፊት ሰብሳቢውን እንዲያስፈቅድ ጠይቀዋል። ሲፋን እሳቸውስ ማንን እንደሚያስፈቅዱ ስትጠይቅ፣ ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተብሏል። ያለ ፈቃድ መታመም እንዲከለከል፣ ሊደር እንዳይወርድና ጉዞው በመጪው ሳምንት እንዲሆን በሦስት ድምፅ ድጋፍ በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል (ጸሐፊዋ ድምፅ አትሰጥም)።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ሲፋን ከቦርሳዋ የደም ግፊት መለኪያ አውጥታ የሰብሳቢውን ክንድ ጠይቃለች። ከለካች በኋላ ደግማ ለካች።

«ጋሽ ጎበና፣ መድኃኒትዎን እየወሰዱ ነው?»

«ዳገት ላይ ያደክመኛል ብዬ ተውኩት።»

«ለምን አልነገሩንም?»

ሰብሳቢው እጅጌያቸውን እያወረዱ መለሱ። «ታሟል ካላችሁ ትታችሁኝ ትሄዳላችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ተነሥ፣ እንሂድ ብሎ የሚደውልልኝ ሌላ ሰው የለም።»

ይህ ንግግር በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ ጠይቀዋል። ጸሐፊዋ ጽፋ ስለጨረሰች ጥያቄው ዘግይቷል።

ይድነቃቸው አንገቱን ደፍቶ፣ የሰጠውን ድምፅ መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቋል። ሬድዋንም የእሱም አብሮ እንዲቀየር አመልክቷል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከላይ የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። «ያልታቀደ ዕረፍት» የሚለው «ወደቁ» ተብሎ ይነበብ። የራስ ደጀን ጉዞ ሐኪም እስኪፈቅድ ቆሟል፤ ሐኪም ለአቶ ጎበና ካልፈቀደ ሌላ ሁላችን የምንችለው ቦታ ይፈለጋል። ነገ ጠዋት አባላቱ በሙሉ ሰብሳቢውን ይዘው ክሊኒክ ይሄዳሉ። ሰብሳቢው አራት ሰው ለአንድ በሽተኛ ይበዛል ሲሉ ያቀረቡት ተቃውሞ ደጋፊ አላገኘም።

ስብሰባው ሰብሳቢው መድኃኒታቸውን በአባላቱ ፊት ከዋጡ በኋላ ከቀኑ 11፡20 ላይ ተበትኗል።