የጽጌ ማዳም በግራ፣ የኔዋ በቀኝ

በሰው ማዳም ዕጢ የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው እኔን ተመልከቱ።

እዚህ ዐረብ አገር፣ ሲን ኤል ፊል በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው ጓደኛዬ ጽጌ፣ እሁድ እሁድ ባውሽሪዬ ሰፈር በተከራየነው የጸሎት አዳራሽ ብድግ ትልና፣ «የማዳሜ የአንጀት ካንሰር በግራ በኩል ነው፤ ሐኪሙ ከቀኙ ይሻላል ብሏል። ካንሰሩን የሚከታተሉበት የደም ምርመራዋም ቁጥር ወርዷል!» ትላለች። እልልታው ይቀልጣል። የኔዋ ማዳም ግን፣ ያኒ፣ በቀኝ በኩል ነው ያለባት፤ ቁጥሯም በየምርመራው ይጨምራል። ኢቃማዬ የወጣው በሷ ስም ነው፤ እሷ ከሞተች የመኖሪያ ፈቃዴም አብሯት መቀበሩ ነው። ታዲያ እንዴት አልቅና?

ባለፈው እሁድ አላስቻለኝም። ተነሳሁና፣ «የማዳሜ ዕጢ ወደ ግራ እንዲዞር ጸልዩልኝ!» አልኩ። የሳቀ የለም። አዳራሹ በሙሉ እጁን ዘርግቶ፣ «በኢየሱስ ስም፣ ወደ ግራ!» እያለ ጮኸ። ከሁሉም በላይ የጮኸችው ጽጌ ነበረች። በጩኸቷም ቀናሁ።

ሰኞ ጠዋት ለማዳሜ መድኃኒቷን ሳቀብላት ሁሉንም ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ክኒኑን እንደያዘች፣

«ልጆቼ እኮ» አለች፣ «በየት በኩል እንደሆነ እንኳ ጠይቀውኝ አያውቁም።»