አፍንጫዋን የሰቀለችው ጀልባና እኔ

ኧረ ወገን፣ ጉዴን ስሙልኝ! ባለቤቴ ጽጌ ዛሬ ጠዋት በልጅ ልጆቻችን ፊት "አንተ ሰው፣ ከአለማያ ወዲህ ምንም አልተማርክም!" አለችኝ።

ልጆቹ "አለማያ ምን ሆነ?" ብለው ያዙኝ። እሷ አጋንና ከምትነግርብኝ እኔው ራሴ ልፖስተው። ሳቁ፣ ግን ቀስ ብላችሁ!

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ሐረር፣ ፈላና በር አጠገብ ትንሽ ጋራዥ ነበረችኝ። ታክሲ በሉት፣ የጭነት መኪና በሉት፣ የወፍጮ ሞተር በሉት፣ ያልፈታሁት ብረት አልነበረም። አፌም ከእጄ አያንስም ነበር!

ታዲያ ጽጌን ወደድኩ። እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌ ላክሁ፤ የፈረስ መጋላውን ነጋዴ ሐጂ ዩሱፍን፣ የንስሐ አባቴንና አጎቴን።

አባቷ ጋሽ መኩሪያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "መልሱን እሁድ አለማያ ሐይቅ ላይ፣ ጀልባዬ ውስጥ እሰጣችኋለሁ። እስከዚያ ልጁ ሞተሬን ይጠግንልኝ።"

ጀልባ! እኔ በሕይወቴ ከገንዳ የሰፋ ውሃ ላይ ሠርቼ አላውቅም!

ጀልባዋን ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው የገዟት። ሞተሯ ከኋላ ይንጠለጠላል። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ በባትሪና በዘይት ግፊት ከፍ ዝቅ ይላል። ሞተሩ ከፍ ሲል የጀልባዋ አፍንጫ ይነሳል፣ ዝቅ ሲል አፍንጫዋ ይወርዳል። የጋሽ መኩሪያ ስሞታ ደግሞ፣ "እንግዳ ስጭን አፍንጫዋን ትሰቅላለች፤ ቁልፉን ብጫን ብጫን እምቢ!" የሚል ነበር።

"እንግዳ ስጭን" ያሉትን ልብ በሉልኝ።

እኔ ልብ አላልኩም!

ባትሪውን ቻርጅ አደረግኩ። ፊውዙን ቀየርኩ። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሽኩ። ዘይት ጨምሬ፣ ውስጡ የገባውን አየር አስወጣሁ። ጋራዥ ውስጥ ዥውውው ብሎ ይወጣል፣ ዥውውው ብሎ ይወርዳል። ጤነኛ ነው! ታዲያ በሽታው የቱ ጋ ነው? ጸጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝ።

እሁድ ደረሰ። መጀመሪያ ብቻዬን አንድ ዙር ነዳኋት፤ ጨዋ ሆና ሄደች። ደረቴን ነፋሁ።

ከዚያ ትልልቆቹ ገቡ።

ጋሽ መኩሪያ ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ ያለውን የሚመቸውን ወንበር ለሐጂ ሰጡ። "ኧረ እርስዎ ይቀመጡ!" "ወላሂ እርስዎ ካልተቀመጡ!" ተባብለው ሁለቱም እዚያው ተጣበው ተቀመጡ። የንስሐ አባቴ ከፊት ቢቀመጡ ለሐጂ ጀርባ መስጠት ሊሆን ነው፤ እሳቸውም ወደ ኋላ። አጎቴ ለቄስ ጀርባቸውን ሊሰጡ? ሞተው ነው! እሳቸውም ወደ ኋላ።

ከፊት የቀረው ባዶ ወንበር ብቻ ነበር።

ገና ስንነሳ አፍንጫዋ ሽቅብ! ቁልፉን ተጫንኩ። ሞተሩ እስከ መጨረሻው ወረደ፤ አፍንጫዋ ግን ንቅንቅ የለም። ውሃው ከኋላ መግባት ጀመረ።

"ሱብሃነላህ!" አሉ ሐጂ ሽርጣቸውን እየሰበሰቡ። "ልጄ፣ ወደ ማዶ ነው ወይስ ወደ ሰማይ የምትወስደን?"

ጽጌ የምሳውን አገልግል ይዛ ሐይቁ ዳር ቆማለች። ሁለት እጇን ወደ ፊት እየገፋች ታወናጭፋለች፣ ትዘላለች። "አየህ እንዴት እንደምትወድህ!" አሉኝ አጎቴ። ልቤ ቅልጥ አለ።

ካቻቢቴዬን ከፍ አድርጌ አውለበለብኩላት!

ከዚያ ይሄ ጉደኛ፣ ማለትም እኔ፣ ምን አደረገ? አየር ቀርቶበት ይሆናል ብሎ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ላይ አነሳውና በጎኑ ያለውን የዘይት ማስተንፈሻ ብሎን አላላለሁ ብሎ ነቀለው። ዘይቱ ፊጭ፣ የንስሐ አባቴ ነጭ ጋቢ ላይ! ብሎኑ ጠብ፣ ሐይቁ ውስጥ! ሞተሩም ዷ ብሎ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ቁልፉ ዥዥዥ ይላል እንጂ ሞተሩን ማንሳት የለም።

"በስመ አብ!" አሉ አባ። ሐጂም "አዑዙ ቢላህ!" አሉ። በእኔ ጉዳይ ሁለቱ ሃይማኖቶች ተስማሙ።

እያዘገምን ወደ ዳር ስንመለስ፣ አልነሳም ያለው ሞተር ጭቃና ሣር ውስጥ ተቀርቅሮ ቆመ። ምን ይደረግ? ሽማግሌዎቼ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪና ሽርጥ ጠቅልለው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ወረዱ። ጋሽ መኩሪያም ወረዱ። በቃ፣ ጽጌን ተሰናበትኳት አልኩ በሆዴ።

አራቱም እንደወረዱ ጀልባዋ ቀስ ብላ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገች። ቀጥ አለች!

ሁላችንም አየናት። ሁላችንም ገባን።

መጀመሪያ የተናገሩት ሐጂ ናቸው። "ታዲያ ልጄ፣ ከኋላ ተቆልለናል፣ ወደ ፊት ሂዱ አትለንም ነበር?"

"እንዴት አድርጌ ሐጂ? እርስዎን ይነሱ ልበል?"

ጋሽ መኩሪያ ጭቃቸውን እየጠረጉ አዩኝ፣ አዩኝና፣ "ሽማግሌ ከሚያስነሳ ሽማግሌ ቢያሰጥም ይመርጣል! እንዲህ ያለ አማች ከየት አገኛለሁ? ሰጥቻለሁ!" አሉ።

በደስታ ልዘል ስል ጽጌ ደረሰች።

"አባባ ሰጥቶ ይሆናል፣ እኔ ግን አልሄድም! ከዳር ሆኜ 'ወደ ፊት ውሰዳቸው' እያልኩ ስፈራገጥ እሱ ያውለበልብልኛል? ዛሬውኑ አባባን አንዴ 'ይነሱ' ካላለ ባል አይሆነኝም!"

ጋሽ መኩሪያ ዳር ላይ ባለች አንዲት ድንጋይ ላይ ገና ቁጭ ማለታቸው ነበር። ፊታቸው ሄጄ ጎንበስ አልኩ። "ጋሼ... ቅር ካላለዎት... እንደው ትንሽ... ይነሱልኝ?"

ተነሱ! ጽጌ ድንጋይዋ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እሺታዋ እሱ ነበር።

ዛሬስ? ለዘመድ ሠርግ ድሬዳዋ ልንወርድ ተነስተን፣ የልጅ ልጄ ሚኒባስ ገና ከግቢ ስትወጣ የኋላ ጎማዋ አካሏን ይፍቅ ጀመር። እኔ ባለሙያው በጀርባዬ ተኝቼ ሥሯ ገባሁ። ጎማ ዳሰስኩ፣ ባሌስትራ ነካካሁ፣ መፍቻ አምጡ ብዬ ጮህኩ። አዛውንት ዘመዶቻችን ጀርባ ላለመሰጣጠት መጨረሻው ወንበር ላይ ተደራርበዋል፤ እኔ ግን የት አይቼ!

ጽጌ በሩ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ወደ ፊት እየገፋች ታወናጭፋለች።

እኔስ? ከመኪናው ሥር እጄን አውጥቼ አውለበለብኩላት!

እናንተዬ፣ እንዲህ ያለ ጭንቅላት የሚጠግን ጋራዥ የምታውቁ የላችሁም?