አንድ ብቻ የተሰፋው ማስፈራሪያ

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይላሉ። እኔም ይህን አምኜ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ አላውቅም። አንድ ነገር ግን ይገርመኛል፤ እኔ ዝም ስል ሰው እንዳላየ ያልፈኛል፣ ሌላ ነገር ዝም ሲል ግን ይፈራዋል። መቃብር የሚፈራው ስለሚጮህ ነው እንዴ?

ከአልዌሮ ግድብ በታች፣ ከሩዙ እርሻ አጠገብ ባለው ረግረግ የምትኖረው ወፍም እንደዚያው ናት። መልኳ አመድማ ነው፣ ቁመቷ ደረቴ ድረስ ይደርሳል፣ ምንቃሯ ጫማ ያህላል፤ ስለዚህ ጫማ አፍ እንላታለን። ግማሽ ቀን ሳትነቃነቅ ቆማ ሰው ታያለች። እንደ ሌላ ወፍ በጎን አይደለም፤ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኗ፣ ስምህን እንደምታውቅ ሁሉ።

ዘሯ እየጠፋ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ለጋሾች ሊያዩአት ይመጣሉ ተባለ። ካዩአት ረግረጉን ለማስጠበቅ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ካላዩአት ረግረጉ ታርሶ ሩዝ ይዘራበታል። ችግሩ፣ ወፏ ከጠፋች ሰንብታለች። የረግረጉ ጠባቂ ጋሽ ኦባንግ ቀድሞ ለሩዙ እርሻ የወፍ ማስፈራሪያ ይሠራ ነበር። ሰው ሲጨንቀው የሚሠራው የሚያውቀውን ነውና፣ የማዳበሪያ ከረጢት በአመድ አሽቶ፣ ገለባ ጠቅጥቆ፣ ከጎማ ቦት ጫማ ምንቃር ሰፍቶለት፣ ወፏን የሚመስል ማስፈራሪያ ሠራ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ የማስገባለት እኔ ነበርኩ። ከሩቅ ነው የሚያዩት፣ ደግሞም እሷ እስክትመለስ ብቻ ነው አለኝ። እኔም የሚቀጥለውን ክር አስገባሁለት።

በማግስቱ ጠዋት ለጋሾቹን ይዘን ስንደርስ ውሃው ላይ ጉም ተኝቷል፤ እሷም ከደንገሉ መሀል ቆማለች። ጋሽ ኦባንግ እንዲህ አሳምሮ ሰፍቶ አያውቅም ብዬ ኮራሁ። እሱ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ አንቺ ልጅ፣ መቼ ወስደሽ አቆምሽው አለኝ። እኔ አላቆምኩትም። እሱም አላቆመውም። ማስፈራሪያው ገና በመጣንበት ፒክአፕ ላይ፣ ከሸራው ሥር ነው። ሁለታችንም ቀስ ብለን ወደ ውሃው ዞርን። እሷ ቀድማ እያየችን ነበር። እንቁራሪቶቹ እንኳን ዝም ማለታቸውን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

የለጋሾቹ አለቃ ወይዘሮ ሰብለ በሩቅ ማሳያ መነጽር አይተው አይተው፣ ይህች ነገር ትተነፍሳለች ወይ አሉ። ጋሽ ኦባንግ መማል ጀመረ። ይህን ጊዜ ሹፌሩ ጎማ ተንፍሶበት የመኪና ማንሻ ክሪክ ሲፈልግ ሸራውን ገለጠና ማስፈራሪያውን አንገቱን ይዞ አንጠልጥሎ፣ ይቺ ደግሞ መለዋወጫዋ ናት እንዴ አለ። ሁሉም ሳቀ፤ ወይዘሮዋ ግን አልሳቁም። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በትልልቅ ሰዎች ፊት አፌን ከፍቼ፣ እውነተኛ ናት፣ ትንሽ ጠብቁ አልኩ። ጠበቁ። ወፏ እንኳን ልትበር ዓይኗንም አልጨፈነችም። መኪናው ሲነሳ ከኋላችን ምንቃሯን እንደ መትረየስ አንጣጣችው። ሞተሩ ነው ተባለ።

የፈሩት ይደርሳል፤ ገንዘቡ ቀረ፣ ትራክተሩ መጣ። ጋሽ ኦባንግ በንዴት ማስፈራሪያውን ረግረጉ ውስጥ ተክሎት ነበር። ትራክተር ነጂው ወርዶ፣ እነዚያን ሁለት ማስፈራሪያዎች አንሱልኝ አለ። ጋሽ ኦባንግም፣ አንዱን የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ እሱን አነሳለሁ፤ ያኛውን ራስህ አንሳ አለው። ሰውየው ሄደ። አንገቷን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ፣ ቀስ ብላ ጎንበስ አለችና እንደ ሰው እጅ ነሳችው።

ሰውየው ሲሮጥ ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እዚያ የሚያርስ ሹፌር አልተገኘም፤ የማዳበሪያ ከረጢት ነፍስ የሚዘራበት ቦታ ነው ተብሎ ተወራ።

ባለፈው ቅዳሜ ከዳር ሆኜ ሳይ ሦስት ቆመዋል። ጋሽ ኦባንግን ጠየቅሁት። እኔ አንድ ብቻ ነው የሰፋሁት አለኝ። ታዲያ ለለጋሾቹ እንንገራቸዋ አልኩት።

ተይ ልጄ፣ አለኝ፤ እውነተኛ መሆኗ ከታወቀ ማን ይፈራታል?