ለእንግዳ የተደበቁ በሽተኞች

እንግዳ ሲመጣብን የሚይዘንን አባዜ እናንተም ታውቁታላችሁ። የተሰነጠቀው ብርጭቆ አልጋ ሥር ይገባል፤ የጎረቤት ወንበር ይመጣል፤ ልጆች "አፋችሁን ጠብቁ!" ተብለው ቀድመው ይቆነጠጣሉ። እንግዳው ደጃፍ ሲደርስ ቤቱ የእኛ መሆኑ ቀርቶ የሌላ፣ የተሻለ ሰው ቤት ሆኗል። ይህን ውሸት ነው የሚል የለም። ስሙ ገበና መሸፈን ነው፤ ጎረቤት ደግሞ የጎረቤቱን ገበና ካልሸፈነ ምኑን ጎረቤት ሆነው? እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንዲያ ነበር የማምነው።

መርሳ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከሱቄ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የዶክተር ይመር ክሊኒክ አለ። ክሊኒክ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሦስት ክፍልና አንድ ጠባብ ኮሪደር ነው። የሀብሩ ወረዳ ሰው ግን ከግራና ከተማ ሳይቀር እየተጫነ የሚመጣው እሱ ጋ ነው። ሰውየው ሲመረምር አይቸኩልማ! እናም ኮሪደሩ ሁልጊዜ ጢም እንዳለ ነው። አግዳሚ ላይ ቦታ ያጣ ወለሉ ላይ ጋቢውን አንጥፎ ይተኛል፤ ግሉኮሱ መስኮቱ ላይ በተመታ ሚስማር ይንጠለጠላል።

ከወልድያ የመጡት የጤና ተቆጣጣሪዎች ይህን አዩና ደነገጡ። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ያሉትም እውነት ነው። በሽተኛ በበሽተኛ ላይ ተደራርቦ እንዴት ይታከማል? "መጨናነቁ ካልተስተካከለ ስንመለስ እናሽገዋለን" ብለው፣ የሚመለሱበትንም ቀን ነግረውት ሄዱ። ክሊኒኩ ከታሸገ ያመመው ሁሉ ወልድያ ለመሄድ ሚኒባስ ሊጠብቅ ነው፤ ምጥ የያዛትም፣ ደረቱን የወጋውም።

ዶክተሩ ጓሮው ላይ ቆርቆሮ አስመትቶ የመጠበቂያ ጥላ ሠራ፤ አግዳሚም ጨመረ። ይህ ይበቃል ብሎ ነበር። እኛ ግን አላመንነውም። እድራችን ተሰበሰበና ዳኛችን ጋሽ መኮንን ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሱት። "መጨናነቅ የሚመጣው ከምንድን ነው? ከበሽተኛ። በሽተኛ ከሌለ መጨናነቅ የለም!" እንዴት እንዳጨበጨብንላቸው! የክሊኒክ ገበናው በሽተኛው ነው አልንና ልንሸፍነው ተስማማን። በዚያ ቀን ማንም ዝር እንዳይል ለግራና ሰው በሚኒባስ ሾፌሮች መልእክት ሄደ። ለዶክተሩ ብቻ አልነገርነውም። ብንነግረው እሺ አይለንም ነበር።

እዚህ ላይ ጎረቤቴን እትዬ የሺን ላስተዋውቃችሁ። ልባቸውን የሚያማቸው ባልቴት ናቸው። "ይመር ባይኖር እኔ ድሮ አፈር ለብሼ ነበር" ማለት ይወዳሉ፤ ልጄ ነው የሚሉት። እንግዶቹ ሊመጡ ዋዜማ የክሊኒኩን መጋረጃዎች ለምነው ወስደው በገዛ እጃቸው አጠቡለት።

በቀኑ የተቆጣጣሪዎቹ ነጭ መኪና ጠዋት ደረሰች። ክሊኒኩ ደጃፍ ጭር ብሏል። እትዬ የሺ ፊታቸው ገርጥቶ፣ ግንባራቸውን ላብ አጥምቆት ሱቄ በር ላይ መጡና በርጩማ ላይ ዘፍ አሉ።

"ምነው እትዬ፣ አመመዎት እንዴ?"

"ይቺው ደረቴ ናት። ትተወኛለች።"

"ታዲያ ይሻገሩና ይታዩ እንጂ! አንድ ሰው ምን ያጨናንቃል?"

"አንተ ደግሞ! ሰው ሁሉ ችሎ ተቀምጦ እኔ ደረቴን ይዤ በእንግዳ ፊት ልግባበት? ልጄን አላሳጣውም። ይሂዱለትና እገባለሁ።"

መኪናዋ ግን አልሄድ አለች። ሦስት ክፍል አይቶ ለመጨረስ ይህን ያህል? እያልኩ ብቻዬን ተነጫነጭኩ። ዶክተሩ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ በሩ ላይ ብቅ ይላል፤ ግራ ቀኙን አይቶ ይመለሳል። ብቅ ባለ ቁጥር እትዬ የሺ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳብ ያደርጋሉ፤ ካያቸው ይጠራቸዋላ! እጃቸውን ይዤ ላስነሳቸው ብል ተቆጡኝ።

በመጨረሻ መኪናዋ ተንቀሳቀሰች።

"ሄዱለት?"

"ሄዱ፣ እትዬ።"

ፊታቸው በራ። ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉና አስፋልቱን ጀመሩት። መሐል ላይ ወደቁ። ዶክተሩ እየሮጠ መጣ፤ ተሸክመን አስገባናቸው። ደረታቸውን ሲጫን፣ ሲጫን ቆየ። የዕለቱ የመጀመሪያ ታካሚ እሳቸው ነበሩ። አልተረፉም።

በማግሥቱ ከቀብር መልስ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ ዶክተሩ "ግን ትናንት ሰው ሁሉ የት ሄዶ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ጋሽ መኮንን የሚያጽናኑት መስሏቸው አንድም ሳያስቀሩ ነገሩት። "ለአንተው ብለን ነው እኮ! ይኸው አለፍክ፤ ተመስገን ነው።"

"ጥላውንና አግዳሚውን ሲያዩ ወዲያው ነው ያለፍኩት" አለ ዶክተሩ። "ከዚያ በኋላ የቆዩት በሽተኛ ሳክም ለማየት ነው። አንድ ሰው እስኪመጣ እየጠበቁ ነበር።"

እኔ እንባዬ መጣ፤ አልደብቃችሁም። እነሱ እዚያ ማዶ በሽተኛ ይጠብቃሉ፤ እትዬ የሺ እዚህ ማዶ የእነሱን መሄድ ይጠብቃሉ። መሐላቸው ያለው አንድ አስፋልት ነው።

ዶክተሩ ተነሥቶ ወጣ። ተቀይሞን ሄደ ብለን ስንሸማቀቅ የደም ግፊት መለኪያውን አንጠልጥሎ ተመለሰ። ከእትዬ የሺ ልጅ ጀመረ፤ ለቅሶ አድክሟት መቀመጥም አቅቷት ነበር። ከእሷ ወደ ለቀስተኛው ዞረ። "አንተ ትናንት ምንህን ነበር ያመመህ?" እያለ በየተራ ይጠይቃል። አንዱ የልጁን ትኩሳት፣ ሌላው የከረመ ራስ ምታቱን ተናዘዘ። ጉልበት ለጉልበት ተጋጭተን፣ አንዳችን በሌላችን ላይ እየሳልን ታከምን።

እኔ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ቀልቷል።

"እርስዎስ ጋሼ?"

"እኔ ደህና ነኝ ዶክተር፤ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"እሳቸውም ጠዋት ጠዋት እንደዚሁ ነበር የሚሉኝ" አለ። "እጅጌዎን ይሰብስቡ።"